አቡሽ አዲስ አበባ ሲሄድ፦ ኦቲዝም ያለበት ልጅ፣ ረጅም በረራ እና ብዙ ዘመድ

ጉዳዩ ሜሪላንድ የሚኖር የአንድ ሐበሻ ቤተሰብ ነው። ልጁ ስምንት ዓመቱ ነው፣ እዚህ አቡሽ እያልኩ ልጥራው። ወላጆቹ ጻፊው ብለውኛል ግን እንዳይታወቁ አንዳንድ ነገር ቀያይሬያለሁ። እኔ ትምህርት ቤት ውስጥ ልዩ ፍላጎት ካላቸው ልጆች ጋር ነው የምሠራው፣ የአቡሽ አስተማሪ ግን አይደለሁም፣ እናቱ ጓደኛዬ ስለሆነች ነው ነገሩን ከመነሻው እስከ መጨረሻው የተከታተልኩት፣ ግማሹን ቤታቸው ቁጭ ብዬ ግማሹን እሷ ከአዲስ አበባ በምትልክልኝ የቴሌግራም ቮይስ።

አቡሽ ይናገራል፣ ግን አጭር አጭሩን ነው፣ ሲጨነቅ ደግሞ ያቺም ትጠፋና አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እየደጋገመ ይቀራል። አማርኛ ይሰማል፣ የሚመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። (ትንሽ እያለ አንዷ ቴራፒስት ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አውሩት ብላቸው ነበር፣ ይሄ ምክር ያልደረሰው የዲያስፖራ ቤተሰብ ጥቂት ነው መሰለኝ፣ ሁለት ቋንቋ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ወደ ኋላ ይጎትታል የሚለውን ግን ጥናቶቹ አይደግፉትም፣ ደግነቱ አባቱ አልሰማትም።) የሚበላው ነገር በጣት ይቆጠራል፣ ፓስታ በቅቤ ብቻ፣ አንድ ዓይነት ብስኩት፣ ሙዝ ጥቁር ነጥብ ከሌለው። ሰዓት ነፍሱ ነው። የእጅ ሰዓት፣ የግድግዳ፣ የማይክሮዌቭ፣ ምንም ይሁን፣ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ሰዓቶቹ እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን ነው። ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ መንገድ ተዘግቶ በሌላ ከተዞረ ቀኑ ሙሉ ይበላሻል።

ይሄ ቅብጠት አይደለም። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 ስለ 11 ልጆች ጽፎ ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም ሲያስተዋውቅ ጎላ አድርጎ ካነሳቸው ነገሮች አንዱ ሁሉም ነገር እንደነበረ ይቆይ የሚለው ብርቱ ፍላጎት ነው፣ በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያም ይሄንኑ ከመለያ ምልክቶቹ መሃል አስገብቶታል፣ ለድምፅ ለብርሃን ለንክኪ የሚኖረውን ከልክ ያለፈ ወይም ያነሰ ስሜት ጨምሮ። እንግዲህ እንደዚህ ያለ ልጅ ይዘህ ወደ 13 ሰዓት ገደማ በረህ፣ ሰዓቱም ምግቡም አልጋውም ሽታውም የተለየ ቤት ውስጥ አስገብተህ፣ ከዛ አርባ ዘመድ ይሳመው ስትል አስበው።

ግን መሄድ ነበረባቸው። የአባቱ እናት ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ልጁን በስልክ ካልሆነ አይተውት አያውቁም። እማማ ነው የሚላቸው፣ እኔም እማማ ልበላቸው።

መጀመሪያ ሲያማክሩኝ ሐሳባቸው ሁሉ አውሮፕላኑ ላይ ነበር። ቢጮህስ፣ ሰው ቢቆጣስ፣ ቀበቶ አላስርም ቢልስ። እኔ ደግሞ ፕላኑ አንድ ቀን ነው፣ ወንበሩ አንድ ነው፣ ሠራተኞቹም ሕግ አላቸው፣ የሚከብደው ቤቱ ነው አልኳቸው። እንዳልኩትም ሆነ፣ ልጁን ማዘጋጀቱ እንደምንም ያለቀ ሲሆን ዘመዱን ማዘጋጀቱ ግን አዲስ አበባ ከገቡ በኋላም ቀጥሏል።

ለልጁ የተደረገውን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ያለው አጎት ፎቶ እንዲልክ ተደረገ፣ የግቢው በር፣ ውሻው፣ አቡሽ የሚተኛበት ክፍል፣ ሽንት ቤቱ (ይሄ ዋናው ነው)፣ እማማ ነጠላ ለብሰው፣ እማማ ነጠላ ሳይለብሱ። እናቱ እነዛን በተራ አስገብታ የፎቶ መጽሐፍ ሠራችለት፣ ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር አንድ ወይ ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ሶሻል ስቶሪ የሚባለው ነው፣ ካሮል ግሬይ የምትባል አሜሪካዊት አስተማሪ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያመጣችው ዘዴ። ማታ ማታ ከመተኛቱ በፊት ያነቡታል። እዚህ ላይ የምጨቀጭቃቸው ነገር ነበረኝ፣ እርግጠኛ ያልሆናችሁትን አትጻፉ የሚል። "እማማ ቤት መብራት አለ" ብለህ ጽፈህ መብራት ከጠፋ ልጁ መጽሐፉን ሁሉ አያምነውም። ስለዚህ "አንዳንዴ መብራት ይጠፋል፣ ባትሪ እናበራለን" ተባለና የባትሪው ፎቶ ተለጠፈ፣ ባትሪዋም ሻንጣ ውስጥ ገባች።

ሌላው ቢጫ ካርድ ነው። አንድ ቢጫ ወረቀት፣ ላዩ ላይ "ዕቅድ ተቀየረ" የሚል ጽሑፍና ጠመዝማዛ ቀስት። ብዙ ወላጅ እንደዚህ ዓይነት ካርድ ይሠራና የሚያወጣው ክፉ ነገር ሲመጣ ብቻ ነው፣ ያኔ ካርዱ ራሱ የክፉ ዜና ምልክት ይሆናል። እነሱ ግን መጀመሪያ በደግ ነገር ጀመሩት፣ ዛሬ ሙዝ ነበር፣ ቢጫ ካርድ፣ አይስክሬም ሆነ። ዛሬ ሻወር ነበር፣ ቢጫ ካርድ፣ መዋኛ እንሄዳለን። ከዛ ደግም ክፉም ያልሆነ ለውጥ፣ ከዛ ትንሽ የማይወደው። ልጁ ካርዱን ሲያይ ቆም ብሎ "ኋት ኢዝ ኒው?" ማለት እስኪጀምር ድረስ በዚሁ ቀጠሉ።

የፕላኑ ሽንት ቤት ድምፅ ከዩቲዩብ ተፈልጎ መጀመሪያ በጣም ዝቅ ተደርጎ፣ ቀስ በቀስ ከፍ እያለ ተሰማ። እሁድ እሁድ ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ደለስ ኤርፖርት እየሄዱ ሰው ሻንጣ ሲያስመዝን አይተው ይመለሳሉ። (በ2011 ቦስተን ሎጋን ኤርፖርት የተጀመረ ዊንግስ ፎር ኦቲዝም የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ልጆቹ እስከ ፕላኑ ወንበር ድረስ ገብተው ይለማመዳሉ፣ በኋላ ሌሎች ከተሞችም ገብቷል፣ ለእነሱ ግን ቀኑ አልገጠመላቸውም።) ትኬቱን የቆረጠላቸው ኤጀንት ቡኪንጉ ላይ ዲ-ፒ-ኤን-ኤ የሚለውን ኮድ እንዲያስገባ ጠየቁ፣ ይሄ አየር መንገዶች በጋራ የሚጠቀሙበት፣ የአእምሮ ወይም የዕድገት እክል ያለበት መንገደኛ እርዳታ ይፈልጋል ማለት ነው፣ ብዙ ሐበሻ ዊልቸር ማዘዝ ያውቃል ይሄን ግን አያውቅም። ለሴኪዩሪቲው ደግሞ ቲ-ኤስ-ኤ ኬርስ ጋ (የአሜሪካ ኤርፖርት ፈታሾች እርዳታ ለሚፈልግ መንገደኛ ያዘጋጁት የስልክ መስመር ነው) ከበረራው 72 ሰዓት በፊት ደወሉ፣ ቁጥሩ 855-787-2227 ነው፣ የሚያስተናግዳቸው ሰው መጥቶ ሰልፉን አብሯቸው አለፈ። አቡሽ ድምፅ እንዳይረብሸው የሚያደርገው ሄድፎን ለምን አይወልቅም ብሎ የተከራከረም የለም።

በረራው ላይ አቡሽ የወደደው ነገር ከፊቱ ያለው ስክሪን ላይ የሚታየው ካርታ ነው፣ ለመድረስ ስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ ቀረ የሚለው። ፊልም የለ ጌም የለ፣ ቁጥሯ ስትቀንስ ማየት ብቻ። እናቱ "ዕድሜ ልኬን ካየሁት ሁሉ የተረጋጋው ያኔ ነው" ነው ያለችኝ። እንቅልፍም ወሰደው። ችግሩ የመጣው መድረሻው ላይ ነው፣ ክረምት ነው፣ ቦሌ ላይ ደመና ከብዶ ፕላኑ መዞር ጀመረ፣ ቁጥሯ መቀነሷን ትታ ጨመረች። "ኢትስ ሮንግ። ኢትስ ሮንግ።" እያለ ስክሪኑን ይደበድባል፣ የፊት ወንበር ላይ ያለው ሰውዬ ዞሮ አየ። እናትየው ቢጫ ካርዱን አወጣች፣ ምንም አላስረዳችም፣ ወረቀት ላይ ትንሽ ፕላን ሥላ ክብ መስመር አዞረችበትና "ካፒቴኑ ክብ እየሠራ ነው፣ ክቦቹን ቁጠርልኝ" አለችው። መስኮቱን እያየ ክንፉ ባዘነበለ ቁጥር መቁጠር ያዘ። ስክሪኑን አባቱ ዘጋው።

እንግዲህ ዘመድ። ቦሌ ላይ አበባ ይዞ፣ ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሆኖ መቀበል የማይቀር ነገር ነው፣ ይሄን አስቀሩ ማለት ደግሞ ከባድ ነው። ምራትየዋ አማቷን "ልጄን አይሳሙት" ልትል አትችልም፣ እርስዎ እያለች ነው የምታናግራቸው፣ ቢያስቀይማቸው የእሷ ጥጋብ ነው የሚባለው። ስለዚህ ሥራው የአባትየው ሆነ፣ ከወራት በፊት ጀምሮ በየሳምንቱ።

"እማዬ፣ ሲመጣ እንዳትስሚው።"

"የልጄን ልጅ? ይሄን ሁሉ ዘመን ጠብቄ?"

"መጀመሪያ እሱ ይምጣልሽ፣ ከዛ በኋላ እንደፈለግሽ።"

እማማ ዝም አሉ፣ ግን ነገሩ አልተዋጠላቸውም። የለወጣቸው ቪዲዮ ኮሉ ነው። አቡሽ ሰው ፊት አያይም፣ እጅ ግን ያያል። አባቱ "መዳፍሽን ካሜራው ላይ ለጥፊ" አላቸው፣ ለጠፉ፣ ስክሪኑ በሙሉ የአሮጊት መዳፍ ሆነ፣ አቡሽ መጥቶ በራሱ መዳፍ መታ አደረገው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲደወል ሰላም ሳይባል መዳፍ ቀረበ። ከዛ ወዲያ እማማ ራሳቸው ናቸው ለዘመዱ አለቃ የሆኑት፣ "መሳም የለም፣ መዳፍ ነው" እያሉ። የኦቲዝምን ነገር ሲነግሯቸው ደግሞ እንግዳ አልሆነባቸውም፣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስን በቴሌቪዥን ሰምተዋታል፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችውን። ሴትየዋ ዛሬ በሕይወት የለችም፣ ግን በራሷ ልጅ ጀምራ ስንቱን የቤት ሚስጥር አደባባይ እንዳወጣች ይሄን በመሰለ ቦታ ነው የሚታወቀው።

ቦሌ የመጣው አጎትየው ብቻ ነው። አንዷ አክስት አኩርፋለች፣ እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ የታረቀች አይመስለኝም። የቀረው ዘመድ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ሁለት ሁለት እየሆነ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቡና ከተፈላ በኋላ (ጭሱ ካለቀ ማለት ነው) እንዲመጣ ተባለ። አልፎ አልፎ አምስት ሆነው ይመጣሉ፣ ያው አገር ቤት ነው።

አሁን ሰዓቱ። አቡሽ የእጁን ሰዓት ወደ አዲስ አበባ አልቀይርም አለ፣ ወላጆቹም ተዉት፣ ጥሩ አደረጉ። ግን እማማ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት ሦስትን ያሳያል፣ እማማ "ዘጠኝ ሰዓት ሆነ" ይላሉ፣ የእሱ እጅ ላይ ደግሞ ስምንት ነው። ሦስት ሰዓት፣ ሦስት እውነት። የመጀመሪያው ቀን እጁን እየነከሰ አለቀሰ። አባቱ መርካቶ ሄዶ ርካሽ የግድግዳ ሰዓት ገዛ፣ በእማማ አቆጣጠር ሞልቶ ከነባሩ አጠገብ ሰቀለው። ሁለቱ ሲታዩ ትንሹ ዘንግ ሁልጊዜ በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚቆመው፣ ስድስት ሰዓት ነዋ ልዩነቱ። አቡሽ ይሄን ሲያይ ሳቀ። ከዛ ደግሞ አባቱ ሌላ ነገር አሳየው፣ በእነሱ በጋ ሜሪላንድ ከአዲስ አበባ በሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ነች፣ በእኛ አቆጣጠር ከተነበበ ግን የእማማ ሰዓት ከእሱ የእጅ ሰዓት የምትበልጠው በአንድ ብቻ ነው። ስምንት ሲሆን ዘጠኝ። አምስት ሲሆን ስድስት። (በክረምታቸው ሁለት ይሆናል፣ ሰዓታቸውን ስለሚመልሱ።) ለእኛ ጨዋታ ነው፣ ለእሱ ግን ከቤቱ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የራቀው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጣ እንግዳ ሁሉ መዳፍ ሰጥቶ ሁለቱም ሰዓት ይነገረዋል።

ምግቡ ነሐሴ 1 ላይ ከረረ፣ ፍልሰታ ገባ። ሕፃን ሳይቀር የሚጾመው ጾም ነው፣ ቤቱ ውስጥ ቅቤ ሊቀልጥ ነው። ሻንጣው ግማሹ ፓስታና ብስኩት ነበር፣ ቅቤ ግን ከነሽታው የማይደበቅ ነገር ነው። እማማ ነፍስ አባታቸውን ጠየቁ፣ ሕመምተኛ አይገደድም አሏቸው፣ አንዲት ድስት ተለየች፣ አለቀ። ሌሊት ሌሊት ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ አለ፣ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አለ፣ አቡሽ ሄድፎኑን አድርጎ ነው የሚያድረው። ስለ ጠበልም ተነስቷል፣ የማይቀር ነው። እናቱ ሃይማኖተኛ ናት፣ እንቢ ማለት አልፈለገችም፣ ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት አናቱ ላይ እንዲወርድበትም አልፈለገች። በጠርሙስ መጣ፣ እሱ ራሱ ጣቱን ነክሮ ግንባሩን ነካ። የሚያጉረመርም ነበረ፣ እማማ ዝም አሰኙት።

የከበደው ቀን የመጣው ልጁ ለመድ ካለ በኋላ ነው። በየጠዋቱ ከአባቱ ጋር ከግቢ ወጥቶ ሱቅ ድረስ ሄዶ ውሃ ይገዛል፣ ያቺ ሩቲኑ ነች። አንድ ጠዋት ጎረቤት አንድ ሽማግሌ አረፉ፣ ሌሊቱን ድንኳን ተተክሏል፣ በሩ ሲከፈት መንገዱ የለም። ሸራ ነው፣ ወንበር ነው፣ ሴቶች ደረት እየመቱ እየጮሁ ነው። አቡሽ መሬት ላይ ወደቀ፣ ራሱን በቡጢ ይመታል። ለቀስተኛው ደግሞ ደግ ነው፣ ከበበው፣ አንዱ ውሃ ርጩበት ይላል፣ አንዱ እጁን ሊይዝ ይታገላል፣ አንዷ ታማትባለች፣ ሁሉም በአንድ ላይ ያወራል። አባቱ ከኋላው ቁጭ ብሎ ጃኬቱን ከጭንቅላቱ ሥር አስገባ፣ ልጁን አልያዘውም፣ አላናገረውም። እናቱ ሰዉን መግፋት አፈረች። እማማ ጥቁር ለብሰው ወደ ለቅሶው ሊወጡ ሲሉ ደረሱ።

"ዞር በሉ! አየር ስጡት። አንድ ሰው እንዳያናግረው!"

ሰማንያ ያለፋቸው ሴት ሲቆጡ ማን ይከራከራል። ነጠላቸውን ዘርግተው በልጁና በሰዉ መሃል እንደ መጋረጃ ያዙት። ቀስ እያለ ቡጢው ቆመ፣ የልጁም ለቅሶ ቆመ፣ አባቱ አንስቶ ጨለማው ክፍል አስገባው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል፣ ወላጆች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ስለሆነ። ሜልትዳውን (ሁሉ ነገር በዝቶበት ራሱን መቆጣጠር ሲያቅተው ማለት ነው) ከጀመረ በኋላ ካርድ አይሠራም፣ ፎቶ አይሠራም፣ "ረጋ በል" አይሠራም፣ እልህም አይደለም የሚቀጣ፣ ልጁ በዛ ሰዓት ቃል የሚቀበልበት ቦታ የለውም። እንዳይጎዳ መጠበቅ፣ ድምፅና ሰው መቀነስ፣ እስኪያልፍ መታገስ። ካርዱ የበፊትና የኋላ ሥራ ነው። የዛን ቀን ከሰዓት ልጁ ወደ ራሱ ሲመለስ እናቱ የፎቶ መጽሐፉ ላይ ድንኳን ሣለች፣ "ሰው ሲሞት ሰዎች በጣም ይጮኻሉ። አዝነው ነው። ድንኳኑ በሠልስቱ ይነሳል።" ካሌንደሩ ላይ ሦስት ቀን ተከበበ፣ ውሃውን ሌላ ሰው ገዛ፣ አቡሽ በበሩ ቀዳዳ እያየ "ቱ ሞር" "ዋን ሞር" ይላል። ድንኳኑ በተባለው ቀን ተነሳ። ዕድለኞች ናቸው፣ ቢቆይ ኖሮ እኔንጃ።

ስለ መጥፋት ደግሞ፣ አቡሽ ባገኘው ክፍት በር የሚወጣ ልጅ ነው፣ ስለዚህ የዘበኛው ነገር በጥብቅ ተነጋግረውበታል፣ የእያንዳንዱ ቲሸርት ውስጥ የአጎትየው ስልክ ተጽፏል። ኤርታግም (ያለበትን ቦታ በስልክ የምታሳይ ትንሽ የአፕል ዕቃ) ነበራቸው፣ ግን ኤርታግ የሚያገለግለው በአካባቢው የሚያልፉ ሰዎች አይፎን ሲይዙ ነው፣ ቦሌ አካባቢ ጥሩ ነው፣ ሌላ ሰፈር አትመኑት።

መልሱ ቀለለ። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ነው ያለው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ሞልቶ መነሳት ለፕላኑ ይከብደዋል፣ ስለዚህ ሲመለስ መሃል ላይ ወርዶ ይቀዳል፣ ሰዉ ከወንበሩ ሳይነሳ ይጠብቃል። ይሄ ከመጀመሪያው መጽሐፉ ላይ ነበር፣ "ፕላኑ ይወርዳል። ቤት አይደለም። ቀበቶ እንዳለ ይቀመጣል።" አጠገባቸው የነበሩ ትልልቅ ሰዎች ደረስን ብለው ሻንጣ ሲያወርዱ አቡሽ "ኖት ሆም" አላቸው።

ቤት ከገቡ በኋላ ግን ሌላ ፈተና አለ፣ ይሄን ሰው አይጠብቀውም። እንቅልፉ ተገለበጠ፣ ለረጅም ጊዜ ደርቆ የነበረ አልጋ እንደገና ረጠበ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ቀናት ነው የቀሩት፣ አዲስ ክፍል አዲስ አስተማሪ። አስተማሪዋ ቀድሞ ኢሜይል ስለተጻፈላት የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አቀለለችለት። የማይክሮዌቩ ሰዓት አንድ ቁጥር ወደ ፊት ተደርጎ ሲገኝ ማን እንዳደረገው ማንም አልጠየቀም፣ እንዳለ ተትቷል።

አሁን ባልና ሚስት የሚከራከሩት ለሚቀጥለው የገና በዓል ሲሄዱ ስንት ጊዜ እንቆይ በሚለው ነው። አባትየው አንድ ወር ይላል፣ ትኬቱ ውድ ነው፣ እማማም አርጅተዋል፣ የመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፍ ማስተካከል ላይ ነው የሚያልቀው፣ ሁለት ሳምንት ከሆነማ ልጁ ሲለምድ መመለስ ነው። እናትየው ሁለት ሳምንት ትላለች፣ የቤቱ ጫና እሷ ላይ ነው። እኔ ስጠየቅ ከአባትየው ጋር ነኝ፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፣ አክስትየዋን አሁኑኑ በቪዲዮ መዳፍ ማስለመድ ይጀምሩ።